ሙሕሲን በር ሲፈልግ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈር ሙሕሲንን የማያውቅ ሰው ካለ ሽንኩርት በልቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ገና ጢም ሳያበቅል በአሮጌው ባቡር ወደዚህ ከተማ የወረደ ሰው ነው። ሽንኩርቱ፣ ድንቹና ምስሩ ከኢትዮጵያ በጭነት መኪና ይመጣለታል፤ እሱ ደግሞ ለየሱቁና ለየምግብ ቤቱ ያከፋፍላል። ሲጀምር አንዲት የእጅ ጋሪ ነበረችው፤ የሚገፋትም ራሱ ነበር። ዛሬ የእሱ መኪኖች ሲቆሙ መንገዱ ይዘጋል፤ የእሱ ጭነት የዘገየ ቀን የገበያው ዋጋ ይንራል። እሱ ግን ራሱን ሲያስብ የሚታየው ያው ጋሪ ገፊው ልጅ ነው። ነገሩ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ክንዱ ምን ያህል እንደረዘመ የማያውቅ ሰው፣ ክፋት ባያስብም ሲንጠራራ የጎረቤቱን ዕቃ ይሰብራል።

የሚኖረውም የሚነግደውም ጓሮ ውስጥ ነው። መንገዱ ዳር ሁለት ሱቆች ተጠጋግተው ቆመዋል። የቀኙ የሮብሌ ነው፤ ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር ይሸጣል። የግራው የአብዲረሺድ ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ጋሪ የምታሳልፍ ጠባብ ኮሪደር አለች፤ መንገዱ ላይ የብረት በር አላት። የሙሕሲን ግቢ፣ መጋዘኑና ሁለት ክፍል ቤቱ የሚገኙት በዚያች ኮሪደር መጨረሻ ነው። ኮሪደሯ ለሮብሌ ከአባቱ የወረደች ናት። ሙሕሲን ለማለፊያ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል፤ ሮብሌም ራሱ እንደሚናገረው ቤቱን ያቆመችው ከማቀዝቀዣው ይልቅ ይህች ኪራይ ናት። የበሩ ቁልፍ ከሮብሌ ኪስ አይወጣም። ጠዋት ይከፍታል፣ በቀትሩ ሙቀት ከተማው ሲተኛ ይዘጋል፣ ጥላው ሲረዝም እንደገና ይከፍታል።

ሮብሌ የጅቡቲ ልጅ ነው። ወጣትነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከሙሕሲን አማርኛ አይለይም፤ የድሬ አማርኛ ደግሞ አንቱታ ስለማያውቅ ሽማግሌውንም ሚኒስትሩንም አንተ ይላል። አብዲረሺድ የሮብሌን እህት ያገባ፣ ከሞቃዲሾ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። ሁለቱ ጎረቤትም አማችም ናቸው። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ቃላቸው አንድ ነው፣ ሌባ ሲመጣ ዱላቸው አንድ ነው። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሙሕሲን።

ሮብሌ ሙሕሲንን ይወደዋል። የኪራይ ፍቅር ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሐሜት ነው። አብዲረሺድ ግን የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ በገባበት ዘመን ታናሽ ወንድሙን ቀብሮ ነው የመጣው። ጥይቱ የማን እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ እሱ ግን አማርኛ ሲሰማ ትከሻው ይሰበሰባል። ሙሕሲን ምን በደለህ ቢሉት ምንም አልበደለኝም ይላል። እውነቱን ነው። ትከሻው ግን አይሰማውም።

የበሩ ነገር የተጀመረው በማይሙና ነው። ማይሙና የሙሕሲን ሚስት ናት፤ ልጆቿ ድሬዳዋ ትዳር ይዘው፣ እሷ ከባሏ ጋር እዚያች ግቢ ውስጥ ቀርታለች። ልቧ ደካማ ነው። ያን በጋ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን እያነሳ በሚነፍስበት ቀትር፣ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ሙሕሲን ተሸክሟት ወደ ኮሪደሩ ሲሮጥ፣ ኮሪደሩ አዲስ በወረዱ የማቀዝቀዣ ካርቶኖች ጢም ብሏል፤ የብረቱ በር ተቆልፏል፤ ሮብሌ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። በሩን በድንጋይ ደበደበው። ሰው ሮብሌን ቀስቅሶ እስኪያመጣ ድረስ ማይሙና ካርቶኖቹ መሐል፣ መሬት ላይ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ቆየች። ደግነቱ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች።

ሮብሌ ሆስፒታሉ በር ላይ አለቀሰ። "ወላሂ ሁለተኛ አይደገምም" አለ። እውነትም ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አላደረገም።

"አንድ ቁልፍ አስቀርጽልኝ" አለው ሙሕሲን።

ሮብሌ ሳቀ። "እሱንማ ከሰጠሁህ ምን ቀረኝ?" አለ። ከዚያ ደግሞ ማይሙና ምን እንደበላች ጠየቀ፣ ሚስቱም ሾርባ ሠርታ ላከች።

ሙሕሲን ሾርባውን ተቀበለ፤ አልተቀየመም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሰበ ቁጥር የሚመጣበት አንድ ነገር ሆነ፤ የሚስቱ ነፍስ በሰው ኪስ ውስጥ ናት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ደግ ሰውም ግን እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ብሆን በዚህ በሙሕሲን አልፈርድም። በር ያጣ ሰው ሌት ተቀን የሚያስበው በር ነው፤ በር ያለው ሰው ደግሞ ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይገባውም።

ከሙሕሲን ግቢ በስተጀርባ፣ አንድ ግንብ ብቻ የሚለየው የኤዶ ሐዲጃ ቤት አለ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላታል። ቤቷ የሚከፈተው ወደ ሌላኛው፣ ሰፊ ወደሆነው መንገድ ነው። ሐዲጃ የአብዲረሺድ ታላቅ እህት ናት። አባታቸው በሞቃዲሾና በጅቡቲ መካከል ይነግድ የነበረ ሰው ሲሆን፣ የጨርቅ ሱቁንና ይህን ቤት ትቶ ሞተ። ውርሱን አልተካፈሉም። አብዲረሺድ ሞቃዲሾ እያለ ጣሪያውን የጠገነችው፣ ግብሩን የከፈለችው፣ አባቷንም ያስቀበረችው እሷ ናት። ስለዚህ ቤቱ የእኔ ነው ትላለች። አብዲረሺድ ደግሞ ያልተካፈልነው ውርስ የሁላችንም ነው ይላል። ወንድምና እህት በበዓል ቀን እንኳ የሚጠያየቁት በሰው ነው።

ሙሕሲን ሰላም ሊላት ገብቶ ዳር ዳር ሲል፣ ሐዲጃ ቀደመችው።

"ግንቡን ማፍረስ ነው የምትፈልገው አይደል?" አለችው። "በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ከኔ ግዛ። ከጓሮህ በቀጥታ ትወጣለህ።"

"አብዲረሺድስ?"

"ጣሪያው ሲያፈስ የት ነበር? አትንገረው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን ያመጣል?"

ወራሾች ያልተካፈሉትን ውርስ የሚገዛ ሰው፣ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ለሌላው ወራሽ መንገር አለበት። ሸሪዓው ያዛል፤ ሹፍዓ ይሉታል፤ ባዕድ ከመግባቱ በፊት ወንድም ልግዛ የማለት መብት አለው። ድሬዳዋ ቁርአን ቤት ያደገው ሙሕሲን ይህን የማያውቅ ሰው አይደለም። ቢነግር ግን አብዲረሺድ እምቢ እንደሚል ያውቃል። ስለዚህ አልነገረም። ኋላ እክሰዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባና ቀብዱን ሰጠ። ሰው ሊበድል ሲነሳ ካሣውን አስቀድሞ ማሰቡ የተለመደ ነው።

ማይሙና ስትሰማ ደስ አላላትም።

"በር መኖሩን ማን ይጠላል" አለች። "ግን ለሮብሌ ንገረው። አብዲረሺድን ተወው፣ ሲፈልግ ይቆጣ። ሮብሌ ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።"

"ሮብሌ ኪራዩ ሊቀርበት ነው። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?"

"ልክ እንደዚህ ብለህ። ሙሕሲን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

ነገ እነግረዋለሁ አላት። ነገ የሚባለውን ቀን የሙሕሲንን ያህል ሥራ ያሸከመው ሰው የለም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ገባ። ከቀትር በኋላ፣ ጫቱ ከደረሰ በኋላ፣ ሦስቱ እንደ ልማዳቸው ሮብሌ ሱቅ ጀርባ ባለችው ማብራዝ ተቀምጠዋል። ማብራዝ የሚሉት የጫት መቃሚያ ክፍሉን ነው፤ ፍራሽና ትራስ፣ ማዶ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የባህር በር የመግባቢያ ሰነድ መፈረሟን ተናገረ። 

አብዲረሺድ በእጁ የያዘውን ቅጠል አስቀመጠ። "ወንድም ሳይጠየቅ" አለ በሶማሊኛ። "አንዱን ወራሽ ለብቻ ጠርቶ፣ ያልተካፈልነውን ቤት በር ገዛ።"

ሙሕሲን ላብ አጠመቀው። ቬንትሌተሩ ወደሱ ዞሮ እንኳ አላቀዘቀዘውም።

"ቆይ እስኪ" አለ ሮብሌ። "ተፈረመ እንጂ ገና ምን ተደረገ? ትልቅ ጎረቤት ነው፤ እያደገም ነው። ሕዝቡ ስንት ነው? ሲያድግ ልትከለክለው አትችልም። መንገድ ትሰጠዋለህ፣ ታስከፍለዋለህ፣ ቁልፉን ኪስህ ታስቀምጣለህ።"

"እያደገ ያለ ሰው ቁልፍ አይጠይቅም። በሩን ነው የሚገፋው።"

"ለዚያ ነው እኔ ከፍቼ የምጠብቀው። የተከፈተ በር ማን ይገፋል?" ሮብሌ ትራሱን አመቻቸ። "እኛ ምን አለን አብዲረሺድ? ድንጋይ፣ ጨውና ባህር ዳር። ፈረንሳዩም መጣ፣ አሜሪካኑም መጣ፣ ቻይናውም መጣ፤ ለሁሉም አከራየን። አንዱን ዘግተን ሌላውን ብንከፍት ያን ቀን አለቀልን። የኢትዮጵያ ጭነት ቢቀር ወደቡ ላይ ድመት ነው የሚተኛበት። አንተ ዝጋው ስትል ለኔ ጦምህን እደር ማለትህ ነው።"

"አንተን ኪራይ ነው ያስተማረህ" አለ አብዲረሺድ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "እኔን ቀብር ነው ያስተማረኝ። አንድ ሰው አይተን የማንስማማው ለዚህ ነው።"

ሮብሌ ወደ ሙሕሲን ዞረ፤ በአማርኛ ነው የተናገረው።

"እኔን የደበረኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በር መፈለጋቸው አይደለም። በር ማን አይፈልግም? ይህን ሁሉ ዓመት በኔ በኩል ሲገቡ ሲወጡ ኖረው፣ ሌላ በር ሊገዙ ሲሉ እኔ ከቴሌቪዥን ነው የምሰማው? ደውለው ‘ሮብሌ፣ እንዲህ አስበናል’ ቢሉ ምን ነበረበት?"

እዚያች ላይ መናገር ይቻል ነበር። አላህ አፉ ላይ አስቀምጦለት ነበር፤ ሙሕሲን ግን አፉን በጫት ሞላው። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲቀያየም ለወሬ ይመቻል፤ የራስን ሥራ በዚያው መሐል አውጥቶ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት ፊት ጉዱ እንዳይታይ እንደሚፈራ ልጅ አቀርቅሮ ዋለና ቤቱ ገባ። ማይሙና ፊቱን አይታ ሳይነግራት ገባት።

"አልነገርከውም" አለች።

"ዛሬ ቀኑ አልነበረም።"

"ዛሬ ነበር ቀኑ" አለች ማይሙና፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ ቀጠለ። ሐዲጃ ግንበኛ አመጣች። ግንበኛው ሞኝ ስለነበረ፣ ወይም ፀሐዩን ሸሽቶ ጥላ ውስጥ መሥራት ስለፈለገ፣ ግንቡን መደብደብ የጀመረው ሰው ሁሉ በተኛበት ቀትር ላይ ነው። ካርቲየ ዱ በቀትር የዝንብ ድምፅ ይሰማል። አብዲረሺድ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ድምፁን ተከትሎ ዞሮ የእህቱ ቤት ገባ፤ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል ወዲያ ማዶ የሙሕሲንን የሽንኩርት ከረጢቶች አየ።

የተናገረውን ሁሉ አልጽፈውም። ግማሹ ለእህቱ ነበር፣ ግማሹ ለሙሕሲን፣ ግማሹ ደግሞ ለሞተው ወንድሙ። ሦስት ግማሽ ሆነ አትበሉኝ፤ ንዴት ሒሳብ አያውቅም። ሙሕሲን "እክስሃለሁ፣ ያልከኝን እከፍላለሁ" ሲል ንዴቱን አባሰው።

"መክፈል እንደምትችል አውቃለሁ" አለ አብዲረሺድ። "ያስፈራኝም እሱ ነው።"

ሮብሌ በጩኸቱ ነቅቶ፣ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ መጣ። ቀዳዳውን አየ። ሙሕሲንን አየ። ሙሕሲን ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ሮብሌ ግን ተመልሶ ሄደ፤ የኮሪደሩን በር ከፈተና ክፍት ትቶት ቤቱ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አብዲረሺድ አማቹን "ኮሪደሩን ዝጋበት" አለው። ከአንድ ወገን ከዘጋንበት፣ ከሌላው ወገን እኔ ከከለከልኩት፣ ይንበረከካል ነው ሐሳቡ። ሮብሌ እምቢ አለ። "ከዘጋሁበት እኔ ምን እበላለሁ? ደግሞስ መውጫ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ?" አለ። አብዲረሺድ "ሆድህ ነው የሚናገረው" አለው። ሁለቱም አንድ ሰው ነበር የፈሩት፤ አንዱ በማቅረብ ሌላው በማራቅ ሊያመልጡት ፈለጉና እርስ በርስ ተጣሉ። የሮብሌ እህት በባሏና በወንድሟ መካከል እየተመላለሰች ዓይኗ አበጠ። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣም ቃላቸው ሁለት ሆነ።

አብዲረሺድ ብቻውን መቆም እንደማይችል ሲያውቅ ኒዛርን ወዳጅ አደረገ። ኒዛር ከባህር ማዶ ሽንኩርት በመርከብ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው፤ ከሙሕሲን ጋር በገበያ የቆየ ጠብ አለው። አብዲረሺድ ስለ ሽንኩርት ደንታ አልነበረውም። ኒዛርን የጠራው ሙሕሲንን የሚያህል ሌላ ሰው ስላላወቀ ነው። ኒዛርም ደስ ብሎት መጣ፣ ጨርቅ ሱቁ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ መዋል ጀመረ።

ሮብሌ አሁንም ለማስታረቅ ሞከረ። ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ውስጥ፣ ዋራበሌ በሚባል ቦታ ባዶ መጋዘን ነበረው።

"እሱን ውሰደው" አለው ሙሕሲንን፣ ዓይኑን ሳያይ። "መንገድ ዳር ነው፣ መኪናህ በሩ ድረስ ይገባል። ቁልፉን እሰጥሃለሁ። የሐዲጃን ነገር ተወው።"

"ዋራበሌ ሩቅ ነው ሮብሌ። ማይሙና ብትታመም ከዚያ ሆስፒታል እስክደርስ..."

"ለሷ ከሆነ የኮሪደሩን ቁልፍ ቀድመህ በደንብ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ እሰጥህ ነበር።"

"ጠይቄህ ነበር።"

ሮብሌ መጠየቁን ያስታውሳል፣ መሳቁንም ያስታውሳል።

ሁሉም ሲሰለቻቸው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጋቦዴ ከሚባለው ሰፈር መጡ። ሽማግሌው ከማንኛቸውም ጋር ዝምድና ስላልነበራቸው ሁሉም ሰሟቸው። ሙሕሲን ከውሉ እንዲወጣ፣ ግንቡ እንዲደፈን፣ አብዲረሺድም ስለተደረገው ሁሉ ዐውፍ ብሎ ይቅር እንዲል ፈረዱ። ፋቲሓ ተቀራ፤ ተጨባበጡ። ሐዲጃ በመጋረጃ ጀርባ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ፣ "ሁላችሁም በኔ ቤት ላይ ታረቃችሁ፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም" አለች።  ግንቡ በሳምንቱ ተደፈነ።

ማይሙና ያን እርቅ ብዙ አልኖረችበትም። በቀጣዩ ሙቀት፣ በአንድ ጠዋት፣ የኮሪደሩ በር ወለል ብሎ ክፍት ሆኖ፣ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ እያለ ሞተች። ሕመሙ ለመውጣት ጊዜ አልሰጣትም። ይህን የምናገረው ሙሕሲን ራሱ ደጋግሞ ስለሚናገረው ነው፤ በሩ ክፍት ነበር ይላል። ለሚያጽናናው ሰው ሁሉ ይህንኑ ይነግራል፣ እንደ ክስም እንደ ምስክርነትም። ይህን ሁሉ ጠብ ያመጣው ለእሷ ብሎ ነበር።

ለቀብሩ ካርቲየ ዱ በሙሉ ወጣ። ሮብሌ የቃሬዛውን ፊት ያዘ፣ ለማንም አልለቅም አለ፤ መቃብሩም ውስጥ ገብቶ ከሙሕሲን ጋር ተቀበላት። አብዲረሺድም መጣ፣ አፈር ጨመረ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። የሐረርና የድሬ ሰዎች እድር፣ አፎቻው፣ ድንኳን ተከለ፤ ሰው ሲበላና ቁርአን ሲቀራ ሰነበተ። ሙሕሲን ሮብሌን ከጎኑ ሲያይ ሐዘኑ ውስጥ ሆኖ ልቡ ትንሽ ሞቀ። ነገሩ አልፏል ብሎ አመነ።

ድንኳኑ የተነሳ ዕለት ሮብሌ ወደ ግቢው መጣ። ሙሕሲን ከከረጢቶቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሮብሌ አልተቀመጠም። ቁልፉን አወጣና ከረጢቱ ላይ አስቀመጠው።

"ኮሪደሩን ሸጬልሃለሁ" አለ። "ዋጋውን ሽማግሌው ይቁረጡት። ከእንግዲህ የራስህ በር ነው።"

ሙሕሲን ቁልፉን ለመንካት እንኳ ፈራ። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ሮብሌ" አለ፣ "አላህ ይስጥህ። እሷ ይህን ብታይ..."

"ቆይ፣ ልጨርስ። ሱቁንም ሸጥኩት። ሆዳን ሰፈር ቤት አግኝተናል፤ አዲስ ነው፣ ልጆቹም ወደዱት። የፊታችን ጁምዓ እንወጣለን።"

"ለምን?"

ሮብሌ ወደ ተደፈነው ግንብ ተመለከተ። ሲሚንቶው ገና አልጠቆረም።

"አብዲረሺድ ሲቆጣህ ሳቅሁበት ነበር እኮ" አለ። "ይህን ሁሉ ዓመት። ሙሕሲንን አላውቀውም እንዴ፣ ጋሪ ሲገፋ ያየሁት ልጅ ነው፣ እል ነበር። ያን ቀን ቀዳዳውን ሳይ ግን የሆነ ነገር ገባኝ። አንተ ዛሬ ኮሪደሩን መግዛት ትችላለህ። ሱቄን መግዛት ትችላለህ። ከፈለግህ ቀኙንም ግራውንም ገዝተህ እኔን ጓሮ ማድረግ ትችላለህ።"

"ሮብሌ፣ እኔ እንደዚህ አስቤ አላውቅም። ምን አደረግሁህ?"

"ምንም አላደረግኸኝም። ማድረግ እንደምትችል ግን ያን ቀን አወቅሁ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ወላሂ ግንበኛውን እኔ አመጣልህ ነበር። ጎረቤትህ እንደሆንኩ እቆይ ነበር። አሁን አንተ በሳልህ ቁጥር ጆሮዬን የማቆም ሰው ሆኛለሁ። እንደዚህ ሆኜ አጠገብህ ከምኖር ሩቅ ሆኜ ብወድህ ይሻለኛል።"

ሙሕሲን ሊመልስለት የፈለገው ብዙ ነበር። ባለ ጋሪ ነኝ እኮ፣ በሰው ሀገር ያለሁ ሰው ነኝ፣ እኔን ማን ይፈራል፣ ሊል ፈልጎ ነበር። አፉን ሲከፍት ግን ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደረው የራሱ ከረጢት፣ ከመንገዱ የሚሰማው የራሱ መኪኖች ሞተር አፉን ዘጉት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ከውጭ አየው፣ ደስ አላለውም።

"ሱቁን ማን ገዛው?" ብቻ አለ።

"ኒዛር" አለ ሮብሌ። "ሌላ ገዢ አልመጣም። ካንተ ሌላ ማለቴ ነው።"

አቅፎት ሄደ። እቅፉ የእውነት ነበር፤ ይህንን ሙሕሲን እስከ ዛሬ አይጠራጠርም።

ጁምዓ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ከድሬ በኩል የመጣ የሽንኩርት ጭነት መንገዱ ላይ ቆመ፤ ሙሕሲን ሾፌሩን ሊቀበል የኮሪደሩን በር በራሱ ቁልፍ ከፈተ። በሩ አፍ ላይ ኒዛር የፕላስቲክ ወንበሩን አውጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል። ሙሕሲን አሰላሙ ዓለይኩም አለው። ኒዛርም በትሕትና መለሰለት፤ እግሩን ግን አልሰበሰበም።